የሞተ የሚባለው ተራራ፦ የኤደን ባሕረ ገብ ምድር መልክዓ ምድርና እሳተ ገሞራዊ አፈጣጠር



ዛሬ የምናገረው በየመን ደቡባዊ ጠረፍ ስለሚገኘው ስለ ኤደን ባሕረ ገብ ምድር ነው። ስፍራው ትንሽ ነው። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለው ርዝመቱ ከ8 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ከፍተኛው ጫፍ ጀበል ሻምሳን ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 550 ሜትር ብቻ ነው። የራስ ዳሽንን ከፍታ ለለመደ ጆሮ ይህ ቁጥር ኮረብታ እንጂ ተራራ አይመስልም። ነገር ግን ይህ 550 ሜትር ከባሕሩ ዳር ቀጥ ብሎ የሚነሣ፣ ጥቁርና ጠርዘ ስለታም፣ ዛፍ የማይታይበት ዓለት ነው። ከመርከብ ላይ ሆኖ ሲያዩት ከቁጥሩ ይልቃል።

ስለ ስሙ አንድ ቃል ልበል። ዐረቦች በዐይን «ዐደን» ይሉታል፤ እኛ በልማድ ኤደን እንለዋለን። በኦሪት ዘፍጥረት ከተነገረለት ገነት ጋር የሚያገናኘው የድምፅ መመሳሰል ብቻ ነው፤ በዓመት 50 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ዝናብ የሚያገኝ ስፍራ ገነት ሊባል አይችልም። ወደ ባሕር ገብቶ የቆመ የተራራ ጫፍ ደግሞ በዐረብኛ «ራስ» ይባላል፤ ከኤደን በስተ ምዕራብ ያለው ራስ ዒምራን አንዱ ነው። ቃሉ ለእኛም እንግዳ አይደለምና ካርታውን ስታነቡ ይረዳችኋል።

የጂኦሎጂ መጻሕፍት ኤደንን «የሞተ እሳተ ገሞራ» በሚለው ምድብ ያስቀምጡታል። አባባሉ በቅልጥ ዓለት ረገድ ትክክል ነው፤ ተራራው ካለፉት 5 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ እንደ ትልቅ እሳተ ገሞራ አልሠራም። ዛሬ ማታ ላሳያችሁ የምፈልገው ግን እሳቱ ጠፍቶ ቅርጹ ግን ሥራውን እንዳላቆመ ነው። መርከብ የት እንደሚጠለል፣ ነፋስ የት እንደሚገታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዝናብ ውሃ በማን ቤት ላይ እንደሚወርድ እስከ ዛሬ የሚወስነው ያ ጥንታዊ የላቫ ክምር ነው።

በመጀመሪያ ካርታውን እንመልከት። ሁለት ጥቁር ቀንዶች ከየብስ ወጥተው ወደ ደቡብ፣ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ገብተዋል። ምሥራቃዊው ኤደን ነው፤ ምዕራባዊው ትንሿ ኤደን ይባላል። በመካከላቸው ወደ ደቡብ የተከፈተ ሰፊ የባሕር ወሽመጥ አለ፤ ወደቡ ይህ ነው። ሁለቱም ቀንዶች የየራሳቸው እሳተ ገሞራ ፍርስራሾች ናቸው። ከኋላቸው ያለው ምድር ግን ፍጹም ሌላ ነው፤ ከየመን ደጋ የሚወርደው ዋዲ ቱበን ያነጠፈው ዝቅተኛ የአሸዋና የደለል ሜዳ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ ነው፤ በዚህ ልሙጥ ሜዳ ጠርዝ ላይ እነዚህ ሁለት የዓለት ክምሮች ከየት መጡ?

መልሱን ለማግኘት ወደ እኛ ደጋ መመለስ አለብን። የሊማሊሞን ገደል ያየ ተማሪ አንዱ በሌላው ላይ እንደ እንጀራ የተነባበሩትን የባዛልት ንብርብሮች ያስታውሳል። እነዚያ ንብርብሮች ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት የፈሰሱ ናቸው፤ የአብዛኛው ፍሰት ጊዜም በጂኦሎጂ አቆጣጠር እጅግ አጭር፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት ያህል ነበር። የየመን ደጋ ባዛልትም የዚያው ዘመንና የዚያው ክስተት ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ ቀይ ባሕርም ሆነ የኤደን ባሕረ ሰላጤ አልነበሩም፤ የሰሜን ሸዋ ሰው፣ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ እግሩን ሳያረጥብ ወደ ሰንዓ መሄድ ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ዐረቢያ ከአፍሪካ መለየት ጀመረች። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እየተቀደደ ሄደ፤ በመካከሉም እውነተኛ የውቅያኖስ ወለል እየተፈጠረ መጣ። ዛሬ ሁለቱ ዳርቻዎች በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። ቅዳዱ በታጁራ ሰላጤ በኩል ወደ የብስ ገብቶ እስከ አሳል ሐይቅ ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 የፈነዳው የጅቡቲው አርዱኮባ የዚህ ጉዞ ምልክት ነው። በአፋር ዳባሁ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2005 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በቅልጥ ዓለት ተሞልቶ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ሲከፈት ዓለም ሁሉ ያየው የዚሁ የአፋር መለያየት አንድ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች አንድ ነገር ያምታታሉ። ኤደን በውቅያኖሱ መካከለኛ ቅዳድ ላይ የተቀመጠ እሳተ ገሞራ አይደለም። ቅዳዱ ከጠረፉ ርቆ በባሕሩ መካከል ይገኛል። ኤደን ያለው በዳርቻው፣ በዐረቢያ ጠፍጣፋ ጠርዝ ላይ ነው። ብቻውንም አይደለም። ከባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ጀምሮ በጠረፉ ላይ ወደ ምሥራቅ ብንጓዝ የፐሪም ደሴትን፣ ጀበል ኸረዝን፣ ጀበል ኡም ቢርካን፣ ራስ ዒምራንን፣ ትንሿ ኤደንንና ኤደንን እናገኛለን፤ ስድስቱም በአንድ መሥመር የተሰለፉ የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ዕድሜያቸው በጥቅሉ ከ10 እስከ 5 ሚሊዮን ዓመታት ባለው ውስጥ ይወድቃል፤ ማለትም ባሕረ ሰላጤው መከፈት ከጀመረ ብዙ ዘመን ቆይቶ ነው የተነሡት።

በር ተከፍቶ ካለቀ በኋላ በጠርዙ ላይ ለምን እሳት ይነሣል? ከሚሰጡት ማብራሪያዎች ጠንካራ የሚመስለኝ ይህ ነው። ከአፋር በታች ያለው ትኩስ የመጎናጸፊያ ቁስ ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ይፈስሳል። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲከፈት የጠፍጣፋው የታችኛው ክፍል ስለሳሳ፣ ያ ትኩስ ቁስ እንደ ውሃ በቦይ ወደ ምሥራቅ የሚሄድበት መንገድ አገኘ። በሳሳው ጠርዝ ላይ የነበሩ አሮጌ ስንጥቆች ደግሞ ወደ ላይ የሚወጣበትን ደረጃ ሰጡት። ስድስቱ ተራሮች በአንድ መሥመር መሰለፋቸውም ከዚህ ሐሳብ ጋር ይስማማል።

አሁን ወደ ዓለቱ እንቅረብ። የኤደንንና የትንሿ ኤደንን እሳተ ገሞራዎች በዝርዝር ያጠኑት በ1960ዎቹ ኮክስ፣ ጋስ እና ማሊክ የተባሉ የብሪታንያ ጂኦሎጂስቶች ናቸው። ኢያን ጋስ በኋላ በብሪታንያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ የመሬት ሳይንስ ትምህርትን የመሠረተ ሰው ነው። ሥራቸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም የሚነበብ ነው፤ እኔ በግሌ ለመስክ ገለጻ ጥሩ አርአያ አድርጌ የምመክረው ጽሑፍ ነው።

ያገኙት ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። በኤደን ውስጥ ከባዛልት ጀምሮ በትራኪት አልፎ እስከ ራዮላይት የሚደርስ ሙሉ የዓለት ቤተሰብ አለ። ቤተሰብ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥልቅ የመጣ ባዛልታዊ ቅልጥ ዓለት በመንገድ ላይ በአንድ ጋን ውስጥ ቢቆይ፣ በመጀመሪያ ኦሊቪንን፣ ፓይሮክሲንንና በካልሲየም የበለጸገውን ፌልድስፓር አንጥሮ ያስቀራል። እነዚህ ማዕድናት ብረት፣ ማግኒዥየምና ካልሲየም ይዘው ስለሚለዩ፣ የቀረው ፈሳሽ በሲሊካ፣ በሶዲየምና በፖታሲየም ይከብራል። ጠላ ሲጠል አተላው ከሥር እንደሚቀር ብትወስዱት ከእውነቱ ብዙም አትርቁም። የኤደን የመጨረሻ ፈሳሾች በሶዲየምና በፖታሲየም እጅግ ከመክበራቸው የተነሣ ሁለቱ ተደምረው ከአሉሚናው መጠን ይበልጣሉ፤ በሳይንሱ ቋንቋ «ፐራልካላይን» የሚባለው ይህ ነው። በፈንታሌና በኮርቤቲ የምታገኟቸው ራዮላይቶችም የዚሁ ወገን ናቸው። ስለዚህ ከመተሐራ ናሙና ይዞ ወደ ኤደን የሄደ ተማሪ በማይክሮስኮፕ ሥር ዘመድ ያገኛል።

ይህ የኬሚስትሪ ነገር ለመልክዓ ምድሩ ወሳኝ ነው። ባዛልት እንደ ማር ይፈስሳል፤ ቀጭን ሆኖ ይርቃል። ትራኪትና ራዮላይት ግን ዝልግልግ ናቸው፤ ከአፉ ብዙም ሳይርቁ ወፍረው ይቆማሉ፤ በውስጣቸው የታመቀው ጋዝ ሲወጣም አመድና ፍርካሽ ዓለት ይበትናል። ስለዚህ ኤደን እንደ ጋሻ የተዘረጋ ሳይሆን ቁልቁለቱ የጠነከረ፣ ጠንካራ ላቫና ለስላሳ አመድ የተፈራረቁበት ተራራ ሆነ። ንብርብሮቹ ከመካከሉ ወደ ውጭ ያዘነብላሉ። በአንድ ወቅት የተራራው ልብ ሲጎድል ጫፉ ተደርምሶ ካልዴራ ፈጠረ፤ ኮክስና ባልደረቦቹ ከዚህ ጋር የተያያዙትን ላቫዎች በሻምሳን ስም ለይተው በካርታ አስቀምጠዋቸዋል።

የድሮዋ ከተማ በእንግሊዝኛ «ክሬተር» ትባላለች፤ የእሳተ ገሞራ አፍ ማለት ነው። ስሙ ለቱሪስት መልካም ነው፤ ለጂኦሎጂስት ግን ነገሩን ያቃልለዋል። ከተማዋ የተቀመጠችበት ጎድጓዳ አንድ ቀን ፈንድቶ እንዳለ የቀረ ጉድጓድ አይደለም። መደርመስ ጀመረው፤ ከዚያ በኋላ ለሚሊዮኖች ዓመታት ዝናብና ባሕር ለስላሳውን አመድ እየለዩ፣ ጠንካራውን ላቫ እየተዉ ቀረጹት። በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ገደል፤ በምሥራቅ ግን ግድግዳው ተሰብሮ ወደ ሲራ የባሕር ወሽመጥ የተከፈተ በር። በበሩ ፊት ለፊት ምሽግ የተሠራባት የሲራ ደሴት ቆማለች። ይህን ቅርጽ በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ ሦስት ወገኑ የተዘጋ፣ አንድ ወገኑ ወደ ባሕር የተከፈተ ሳህን። ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ አሸዋው ልሳን በአጭሩ ልናገር። ኤደን ደሴት ነበረች ሲባል ትሰማላችሁ፤ አባባሉ እውነት ነው፤ ግን ነገሩ ከዚያ ይረዝማል። ከ20 ሺህ ዓመታት በፊት፣ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ጥግ፣ የዓለም ባሕሮች ወለል ከዛሬው ወደ 120 ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ያኔ ዛሬ መርከብ የሚቆምበት ወለል ደረቅ መሬት ነበር፤ ኤደንና ትንሿ ኤደን በሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት ተራሮች ነበሩ። ባሕሩ ሲመለስ ሜዳውን አጥለቀለቀ፤ ተራሮቹም ደሴቶች ሆኑ። ደሴት ግን ማዕበልን ይሰብራል፤ ከኋላው ያለው ውሃ ጸጥ ይላል፤ ጸጥ ባለ ውሃ ውስጥ አሸዋ ይሰፍራል። ከዋዲ ቱበን የሚመጣው ደለል ሲጨመርበት ደሴቱን ከየብስ የሚያገናኝ ዝቅተኛ የአሸዋ ድልድይ ተሠራ። ኾርመክሰር የሚባለው ይህ ነው፤ አየር ማረፊያውም እዚያው ነው። በጠባቡ ቦታ ስፋቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ በድሮ ጊዜ በከፍተኛ የባሕር ሙላት ወቅት ውሃ ሊሸፍነው ይደርስ እንደነበር የዘመኑ ጽሑፎች ያስረዳሉ። ባሕር ከፍ በሚልበት በእኛ ዘመን ይህን መሬት የሚገነባበት መሐንዲስ ይህን ሊዘነጋ አይገባውም።

ወደቡን ሁላችሁም በታሪክ ስለምታውቁት አላረዝምም። የህንድ ውቅያኖስ ነፋሶች በክረምታችን ከደቡብ ምዕራብ፣ በበጋችን ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳሉ። ሁለቱ ቀንዶች በመካከላቸው ላለው ወሽመጥ ከሁለቱም ወገን ጥላ ይሰጡታል። በአንደኛው ምዕተ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መጽሐፍ፣ ስለ አዱሊስና ስለ አክሱም የሚናገረው ያው መጽሐፍ፣ ስፍራውን «ዕድለኛዪቱ ዐረቢያ» ብሎ ይጠራዋል፤ መልካም መጠለያና ውሃ እንዳለውም ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ1513 ፖርቱጋላዊው አልቡከርኬ መጥቶ የከተማዋን ግንብ በመሰላል ሊወጣ ሞከረ፤ መሰላሎቹ ተሰብረው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በጥር 1839 ብሪታንያ ያዘችው፤ የሱዌዝ ቦይ በ1869 ሲከፈት የድንጋይ ከሰል መሙያ ሆነ፤ በ1950ዎቹ በትንሿ ኤደን የነዳጅ ማጣሪያ ተተክሎ ወደቡ በዓለም ላይ እጅግ ከሚጨናነቁት አንዱ ለመሆን በቃ። ከሐረር የወጣው ቡና ብዙው ወደ ዓለም ገበያ የሄደው በዚህ በኩል ነበር። ባለቅኔው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ኤደን ደርሶ በባርዴ የንግድ ቤት ተቀጠረና በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ሐረር ተላከ። ለቤተሰቡ በጻፋቸው ደብዳቤዎች የተራራው ግድግዳ አየር እንዳይገባ ስለሚከለክል ከተማዋ እንደ ኖራ ምድጃ እንደምትግል አማሯል። የምሬቱን ያህል የአየር ንብረት ማስረጃም ነው፤ ከገደሉ ውጭ ያሉት ሰፈሮች፣ መዓላና ተዋሂ፣ የባሕሩን ነፋስ በተሻለ ያገኛሉ።

ውድ ተማሪዎች፤ እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ለሚቀጥለው መንደርደሪያ ነው።

በኤደን ወንዝ የለም። ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ይመጣል፤ አንዳንድ ዓመት ጨርሶ አይመጣም ማለት ይቻላል። ታዲያ ለሁለት ሺህ ዓመታት ሰው እዚያ እንዴት ኖረ? እ.ኤ.አ. በ1330 ገደማ ያለፈው ኢብን ባጡታ ዛፍም እርሻም የሌለባት፣ በተራራ የተከበበች ከተማ መሆኗን ከገለጸ በኋላ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምባቸው ገንዳዎች እንዳሉ ይመሰክራል። እነዚህ የጠዊላ ገንዳዎች ናቸው። ከክሬተር በላይ፣ ከሻምሳን ግርጌ በሚወርደው ጠባብ የጠዊላ ሸለቆ ውስጥ፣ አንዱ ሲሞላ ወደሚቀጥለው እንዲፈስስ ሆነው በደረጃ ተሠርተዋል። ግማሹ ግድግዳቸው ራሱ የተራራው ላቫ ነው፤ ግማሹ ግንብ ነው። ለልስናቸው የተጠቀሙበት ኖራ ከእሳተ ገሞራ አመድ ጋር የተቀላቀለ ነበር። አመዱ በውስጡ ያለው ሲሊካ ከኖራው ጋር ሲዋሐድ በውሃ ውስጥ ሳይቀር የሚጠነክር ሲሚንቶ ይወጣዋል፤ ሮማውያን ለወደቦቻቸው የተጠቀሙበት ብልሃት ይኸው ነው። ተራራው ሸለቆውን ሰጠ፤ ግድግዳውን ሰጠ፤ ማጣበቂያውንም ሰጠ።

መጀመሪያ የተሠሩበት ዘመን ሊቃውንትን ያከራክራል፤ ወደ ሒምያር ዘመን የሚወስዷቸው አሉ። በብሪታንያ ዘመን አብዛኞቹ በድንጋይና በደለል ተቀብረው ተገኙ። በ1850ዎቹ ፕሌይፌር የተባለው የብሪታንያ ሹም አስጠርጎ አስጠገናቸው። ዛሬ 13 ያህል ገንዳዎች ይታያሉ፤ ቀድሞ ግን ቁጥራቸው እስከ 50 እንደሚደርስ ይነገራል። የሚይዙት ውሃ 20 ሚሊዮን ጋሎን ገደማ፣ ማለትም ወደ 90 ሚሊዮን ሊትር ነው።

እዚህ ላይ ሰሌዳው ላይ አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በሆነ ራቁት ዓለት ላይ በአንድ ዝናብ 50 ሚሊ ሜትር ውሃ ወረደ እንበል። ያ 50,000 ሜትር ኩብ ነው፤ 50 ሚሊዮን ሊትር። አፈር የለም፤ ሣር የለም፤ የሚመጥጥ ነገር የለም፤ ስለዚህ አብዛኛው ይፈስሳል። ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ፣ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ ከገንዳዎቹ ጠቅላላ አቅም ከግማሽ የሚበልጥ ውሃ መጣ ማለት ነው። አሁን ሳህኑን አስታውሱ። ውሃው በምዕራብም በሰሜንም በደቡብም መውጫ የለውም። ያለው አንድ በር ነው፤ እርሱም በምሥራቅ ወደ ሲራ የሚወስደው። ከበሩ በፊት ደግሞ ከተማዋ አለች።

ስለዚህ የጠዊላን ገንዳዎች የመጠጥ ውሃ ማከማቻ ብቻ አድርጎ ማየት ግማሹን ማየት ነው። በደረጃ የተሠሩት የጎርፉን ጉልበት ለመስበር ጭምር ነው። እያንዳንዱ ገንዳ ከላይ የመጣውን ድንጋይና ደለል ያስቀራል፤ ፍጥነቱን ይገታል፤ የተረፈውን ብቻ ወደ ታች ይለቅቃል። በእኔ አስተያየት የ19ኛው ምዕተ ዓመት ጥገና ሐውልቱን አድኖ ሥርዓቱን አሳንሶታል። ብሪታንያውያን ውሃ በእጅጉ ይፈልጉ ነበርና ትልልቆቹን ማከማቻዎች አስቀደሙ፤ በላይ በገደሉ ላይ የነበሩት ትንንሽ ግድቦችና መቀልበሻዎች ያን ያህል ትኩረት አላገኙም። የባሕር ውሃ ማጣሪያና የጉድጓድ ውሃ ሲመጣ ደግሞ ገንዳዎቹ ጨርሰው የሽርሽር ስፍራ ሆኑ። ሰው ውሃ ከቧንቧ ሲያገኝ ጎርፍን መከላከያ የነበረውን ነገር ጥቅም እንደሌለው ቆጠረው።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 2020 በኤደን ከባድ ዝናብ ጣለ። ጎርፉ በክሬተር ጎዳናዎች ላይ መኪናዎችን እያንሳፈፈ ወሰደ፤ ቤቶች ፈረሱ፤ ሰዎች ሞቱ፤ ከተማዋ የአደጋ ቀጣና ተብላ ታወጀች። በጦርነት ላይ ላለች አገር ይህ በመከራ ላይ መከራ ነበር። የጎርፉ ምክንያት ዝናቡ ብቻ አልነበረም። ባለፉት አሥርት ዓመታት፣ በተለይም በጦርነቱ ጊዜ ቁጥጥር ሲላላ፣ በጠዊላ ሸለቆ የላይኛው ተፋሰስና በጎርፍ መሄጃዎቹ ውስጥ ቤቶች ተሠርተዋል። መሬት ለሌለው ሰው በገደል ሥር ያለ ደረቅ ቦይ ባዶ ቦታ ይመስላል፤ ሦስት ዓመት፣ አምስት ዓመት ውሃ ሳይወርድበት ሊቆይ ይችላልና። ቤት ሠሪውን ለመውቀስ አይቸኩል፤ ጦርነት አፈናቅሎት የመጣ ሰው ሌላ ምርጫ ምን ነበረው? ጥፋቱ ያለው ቦይውን ቦይ ብሎ የሚያሳይ ካርታ በሚመለከታቸው እጅ ሳይኖር፣ ወይም ኖሮ ሳይከበር በመቅረቱ ነው።

ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የድሬዳዋ ደቻቱ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2006 በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰዎችን ሲወስድ አልጋው በዓመቱ አብዛኛው ቀን ገበያተኛ የሚሻገርበት ደረቅ አሸዋ ነበር። የድሬዳዋ ጂኦሎጂ ከኤደን ይለያል፤ ደረቅ ቦይ በሰው ዓይን ላይ የሚሠራው ማታለል ግን አንድ ነው።

አንድ ነገር አስረግጬ ልናገር። በሕዝብ ንግግሮች ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ኤደን እንደገና ይፈነዳል ወይ?» የሚል ነው። በአካባቢው ሕያው እሳተ ገሞራ አለ፤ ጀበል ኤጥ ጠይር እ.ኤ.አ. በ2007 በቀይ ባሕር ላይ ፈንድቶ የየመን ወታደሮችን ገድሏል፤ በዙበይር ደሴቶች ዘንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2013 አዳዲስ ደሴቶች ከባሕር ወጥተዋል፤ ናብሮ በ2011 ፈንድቷል። እነዚህ ግን በቀይ ባሕርና በአፋር ያሉ ናቸው። ለክሬተር ነዋሪ ዛሬ ማታ የሚያሰጋው ላቫ አይደለም፤ ከጠዊላ የሚወርደው ውሃ ነው። የአደጋ ጥናት ገንዘብና ትኩረት ግን ሁልጊዜ ወደ እሳቱ ያዘነብላል፤ እሳት በፎቶግራፍ ያምራልና።

ስለዚህ ለተመራቂ ተማሪዎች አንድ ሥራ ልተውላችሁ። ወደ ኤደን መሄድ የግድ አይደለም። 30 ሜትር ጥራት ያለው የጠፈር መንኮራኩር የከፍታ መረጃ ለማንም በነጻ ክፍት ነው። ከእርሱ የሻምሳንን የውሃ ክፍያ ጠርዝ አውጡ፤ ወደ ክሬተር የሚወርደውን ተፋሰስ ወደ መዓላና ወደ ተዋሂ ከሚወርደው ለዩ፤ ስፋቱን ለኩ። ከዚያ ሰሌዳው ላይ ያለውን ስሌት በግምቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ፈንታ በእውነተኛው ስፋት እንደገና ሥሩት። በመቀጠል የድሮና የአሁን የሳተላይት ምስሎችን ደርባችሁ በቦዮቹ ውስጥ ያሉትን ጣሪያዎች ቁጠሩ። ጠባቡ ሸለቆ በ30 ሜትር መረጃ ላይ ደብዝዞ ሊጠፋባችሁ ስለሚችል በዚያ ቦታ የኮክስንና የባልደረቦቹን የጂኦሎጂ ካርታ ከጎናችሁ አድርጉ፤ ለስላሳው አመድ ያለበት ውሃው የቆፈረበት ነውና። ውጤቱን ከየመን ባልደረቦቻችን ጋር የምንወያይበት መንገድ አለ፤ ፍላጎት ያላችሁ ከንግግሩ በኋላ ስማችሁን አስመዝግቡ።

 አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።